«ወንዙ ስንት ቀን ያዛችሁ?»

ይሄ ነገር ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። የጀመረው ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ፣ አርባ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ነው። እኔ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። መተማ በረሃ እባብ ከብርድ ልብሴ ውስጥ አውጥቼ ጥዬ ተመልሼ የተኛሁ ሰው ነኝ። በነዚያ አራት ቀናት የደነገጥኩትን ድንጋጤ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ከገሳይ ወረድ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ተላላኪ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። እኔ አላቆምኩትም፣ ራሱ ነው የቆመው። አፌ ግን ዲግሪ አለው ይሉኛል። በእግር ኳስም የቀበሌያችን ቡድን አማካይ ነኝ። በኔ በኩል ሳያልፍ ግብ የሆነ ኳስ የለም፣ የገባብንንም ጨምሮ።

ያን ዓመት ክረምቱን መተማ ሰሊጥ ሳርም ከርሜ፣ ወባ ይዞኝ መስከረም ላይ ተመለስኩ። አጎቴ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። «ዝም ብለህ ከምትዞር ወረቀት አመላልስ» ብሎ አስገባኝ። ሥራዬን በቅጡ ሳልለምደው ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። ከየቀበሌው አንድ ሰው ለሥልጠና ይላክ ይላል። የሥልጠናው ስም «መሠረታዊ ስታትስቲክስ ለአስተዳደር ሥራ» ነው። መሄድ የነበረበት የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነበር፣ ግን ሚስቱ ቀኗ ደርሶ ነበር። አጎቴ ግራ ቀኙን አየና እኔ ላይ ቆመ።

«አንተ ሂድ። ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፣ የሚሰጡህን ወረቀት ይዘህ ትመጣለህ። አደራህን አፍህን እንዳትከፍት።»

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሻይ ሳይወጣ ከፈትኩት።

አሠልጣኛችን ከወደ ደቡብ መጥታ እዚህ የምታስተምር የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ሰላማዊት ትባላለች፣ እኛ ቲቸር ነው የምንላት። ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርጋ «አማካይ» ብላ ጻፈችና «አማካይ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እጄን አወጣሁ።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«እንዴት?»

«የቀበሌያችን አማካይ እኔ ነኝ። ማሊያዬ ስምንት ቁጥር ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ሳቁ ሲበርድላት «ጥሩ» አለች። «አማካዩ መሀል ሜዳ ነው ያለው። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ግን ግብ ጠባቂው ተኝቶ እንደሆነ አያውቅም።» አሁን ደግሞ በኔ ሳቁ።

ሳቃቸውን ይሳቁ፣ ነገሩ ግን ገባኝ። ቁጥሮቹን ትደምራለህ፣ ለብዛታቸው ታካፍላለህ፣ አለቀ። በስልኬ ካልኩሌተር ከሁሉም ቀድሜ ነው የምጨርሰው። ስለ ናሙና ስታስተምር ደግሞ አጠገቤ የሚቀመጡት ጋሼ ዘለቀ የሚባሉ የሌላ ቀበሌ ሰው፣ «ገሳይ ላይ ድንች የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ያለውን አይቶ አይገዛም፣ እጁን እስከ ታች ይሰዳል። ይኸው አይደል እንዴ?» አሏት። በደስታ አጨበጨበችላቸው። እኔም ስታትስቲክስ የሚሉት ይሄ ከሆነማ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ማክሰኞ ማታ ለየቀበሌው የተግባር ጥያቄ ታደለ። ረቡዕና ሐሙስ ሰው ጠይቀን አርብ ማቅረብ ነው። አንዱ ስለ ጤና ኬላ፣ አንዱ ስለ ወፍጮ ደረሰው። የኛ ስለ ወንዝ ነበር።

ቀበሌያችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። መሻገሪያው ሁለት ቦታ ነው። ላይ መሻገሪያ ለመንገዱ ቅርብ ነው፣ የኳስ ሜዳችንም ከማዶው ነው ያለው። ታች መሻገሪያ ሩቅ ነው። ሲወርዱት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሲወጡት ደግሞ አይጣል። ወረዳው አንድ የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ አስቧል። አንድ ብቻ። ላይ ይሁን ታች አልተወሰነም። እንግዲህ እኔ ላይ አሥራ አምስት ቤት፣ ታች አሥራ አምስት ቤት ገብቼ፣ «ባለፈው ክረምት ወንዙ ስንት ቀን ያዛችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሞልቶ ሳትሻገሩ የቀራችሁት ስንት ቀን ነው ማለት ነው። የሁለቱ አማካይ ተሠርቶ ከድልድዩ ወረቀት ጋር ለወረዳ ይገባል።

እውነቱን ልናገር፣ አልሄድኩም። ረቡዕ ጠዋት ደብረ ታቦር የሚገኝ የጓደኛዬ የአበበ ፀጉር ቤት ገባሁና መስታወቱ ፊት ተቀመጥኩ። ሠላሳውንም መስመር እዚያው ሞላሁት። ድልድዩ ላይ መሻገሪያ እንዲሆን ነበር የምፈልገው፣ ለኳሳችን። ስለዚህ ለላይኞቹ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሰባት እያልኩ ሰጠኋቸው። ለታችኞቹ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት። ውሸት ላይ ደግሞ ማንም አይደርስብኝም። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ የሚባሉትን አልነካኋቸውም። አሥር ያለ ሰው ገምቶ ነው ይባላል፣ አሥራ ዘጠኝ ያለ ሰው ግን በእርግጥ ቆጥሮ ነው። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

አበበ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየ። «ይሄን ሁሉ ሰው ከየት አመጣኸው?»

«ከጭንቅላቴ።»

«ወይ ጉድ! ጭንቅላትህ ስንት አባወራ ይዟል?»

ሐሙስን ከተማውን ስዞር ዋልኩ። አርብ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁና አነበብኩ። የላይኛው መሻገሪያ አማካይ ይሄን ያህል፣ የታችኛው ይሄን ያህል። ድምሬ ላይ አንዲት ስህተት የለም። ጭብጨባ እየጠበቅሁ ቆምኩ።

ቲቸር ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ «አሥር ቀን ያለህን ሰው አሳየኝ» አለች።

አየሁ። «የለም።»

«ሃያ ያለህስ?»

«እሱም የለም።»

«ሁለት ሳምንት? አንድ ወር?»

«ቲቸር፣ የኛ ቀበሌ ሰው ጠንቃቃ ነው። ቀን በቀን ይቆጥራል።» ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። ወደ ጋሼ ዘለቀ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎን ልጠይቅዎ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ስንት ቀን ከቤት አዋለዎት?»

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄው እቴ! ከሥላሴ እስከ ኪዳነ ምሕረት ደጅ አልወጣሁም። አሥር ቀን ብትዪው ነው።»

ሌላ ሰው ጠየቀች። «ሁለት ሳምንት ይሆናል» አለ። አንዷን ሴት ጠየቀች። «ወር ሙሉ ነዋ!» አለቻት። አራተኛው «ከአቦ ወዲህ» ብሎ ጀመረ።

ቲቸር ወደኔ ቀረብ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። አዳራሹ ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«ሰው ሲጠየቅ እንዲህ ነው የሚመልሰው። አሥር ይላል፣ ወር ይላል፣ እዚህ አገር ደግሞ በታቦት ቀን ይቆጥራል። ያንተ ሠላሳ ሰዎች አንዳቸውም እንዲህ አላሉም። ሠላሳ ሰው አላናገርክም ወንድሜ። ሠላሳውም አንድ ሰው ነው። አንተ ነህ።»

እንዴት አወቀችብኝ? መጀመሪያ አበበ ነግሯት ነው ብዬ ነበር። ግን አበበን አታውቀውም። ቀጥሎ ሰው አስከትላብኝ ነው አልኩ። እኔን የሚያህል ሰው ማን ይከተላል? ሴትየዋ ቁጥሩን ብቻ አይታ፣ የትም ሳትሄድ፣ እኔ የትም እንዳልሄድኩ አወቀች። ጠንቋይ ቤት እንኳ ስትገባ መጀመሪያ ስምህንና የእናትህን ስም ይጠይቁሃል!

ሁሉም ሲወጣ አስቀረችኝና ወረቀቱን መለሰችልኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር፣ አልጮኸችም።

«የድልድዩ ወረቀት ሰኞ ሥልጠናው ሲዘጋ ነው ወረዳ የሚገባው» አለችኝ። «ቅዳሜና እሁድ አለህ። እውነተኛውን ካመጣህ እሱን እናስገባለን። ካላመጣህ ይሄ ውሸት ነው ብዬ ጽፌ እሰጣለሁ። አንተም ሥራህን ታጣለህ፣ ቀበሌህም ምናልባት ድልድዩን ያጣል። ለሌላ ቀበሌ ይሰጡታል።»

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ።

ላይ መሻገሪያ የኔው መንደር ስለሆነ ቀላል ነው ብዬ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴትዮ፣ «ሲሞላ አንሻገርም፣ ሲጎድል እንሻገራለን፣ ይሄ ምን ጥያቄ ነው?» ብላ አባረረችኝ። ሁለተኛው «ለገበያ ነው ለቤተ ክርስቲያን?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት። «ሁለት ቀን ብትሆን ነው።» «ሦስት ቀን።» «ኧረ አንድ ሳምንት ያዘን ባክህ!» ውሃው እዚያ ጋ ሰፋ ብሎ ስለሚተኛ ቶሎ ይጎድላል። አሥራ ዘጠኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። አንድም! ክረምቱን አገር ቤት ብሆን ይሄን ራሴም አውቀው ነበር።

እሁድ ታች ወረድኩ። ከቅዳሴ የሚመለሱ አያ ካሴ የሚባሉ ሰው አገኘሁና ቤት ለቤት አብረውኝ ዞሩ። እዚያ ደግሞ የሚሰማው ሌላ ነው። «ከሐምሌ ሥላሴ እስከ ነሐሴ ኪዳነ ምሕረት» አለኝ የመጀመሪያው ቤት። በጣቴ ቆጠርኩ። ሐምሌ ሰባት፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን! ቀጣዩ ቤት «አርባ ቀን» አለ። ቀጣዩም አርባ። አንዷ «ፍልሰታን ሳንቆርብ ቀረን» አለችና ሌላ ቁጥር አልሰጥ አለችኝ። ወንዙ እዚያ ጋ ጠቦ በገደል መሀል ነው የሚያልፈው። ወፍጮው ማዶ ነው። ጤና ኬላው ማዶ ነው። እኔ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ሦስት፣ አራት ያልኳቸው ሰዎች ናቸው እነዚህ። በየቤቱ ስገባ ፊቴ ይግላል።

አሥራ አምስተኛው ቤት ጫፍ ላይ ነው። እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ እናት ናቸው። ደጃቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። አያ ካሴ ሰላምታ ሰጥተው ራቅ ብለው ቆሙ። እኔ ደክሞኛል፣ ልጨርስና ልሂድ ነው። ወረቀቴን አወጣሁ።

«እማማ፣ ባለፈው ክረምት ወንዙ ስንት ቀን ያዛችሁ?»

ቢላዋቸውን አቆሙ። «አንድ ቀን።»

«ስንት?»

«አንድ ቀን። አንድ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ።»

ጻፍኩ። ዙሪያው ሁሉ አርባ ሲል አንድ ያለ ሰው በማግኘቴ ገረመኝ። አፌ ደግሞ ያው አፌ ነው፣ ቀደመኝ።

«እማማ፣ ሰው ሁሉ አርባ ቀን ሲታገት እርስዎ አንድ ቀን ብቻ? ዋና ይችላሉ ማለት ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ።

አያ ካሴ ከኋላዬ «አንተ!» አሉ።

እማማ ጥሩወርቅ ልጣጩን ከጉልበታቸው ላይ አራገፉ። «ዋናማ የሚችል ባለቤቴ ነበር» አሉ።

ጥቁር መልበሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ፀጉራቸውም ተላጭቷል። እስከዚያ ድረስ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነበር።

«ሐምሌ አቦ ለታ ነው» አሉ፣ የሰው ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው። «ዱቄት አልቆብን ነበር። እህሉን አህያ ላይ ጭኖ ወፍጮ ሊሻገር ወረደ። ውሃው ወገብ ነው፣ እችለዋለሁ አለ። አህያዋ ተመለሰች። እሱን በሦስተኛው ቀን ታች አገኙት። ያን ቀን ወንዙ ያዘን። ከዚያ ወዲያ ከዚህ ቤት የሚሻገር ሰው የለም። የማይሻገርን ሰው ወንዝ ምን ብሎ ይይዘዋል? አልዋሸሁህም፣ ልጄ፣ አንድ ቀን ነው።»

«ነፍስ ይማር» እንኳ ያልኩት ዘግይቼ ነው። በሕይወቴ አፌ ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው ነው። ኪሴ ውስጥ ያ የፀጉር ቤቱ ወረቀት ነበር፣ መንገድ ዳር ሄጄ አወጣሁትና አሥራ አምስተኛውን መስመር አየሁ። አራት ይላል። ያን አራት ስጽፍ አበበ ዘፈን ከፍቶልኝ ትከሻዬን እየነቀነቅሁ ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ ከኋላ ጠሩኝና ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። «ብላ፣ ዳገቱ ሩቅ ነው» አሉ። እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰኞ ጠዋት ቲቸርን በር ላይ ጠበቅኋት።

«ቲቸር፣ አንድ ቁጥር አስቸገረችኝ» ብዬ የእማማ ጥሩወርቅን ነገር ነገርኳት። «ሁለት ሐሳብ አለኝ። ወይ ልሰርዛት፣ ወይ አርባ ላድርጋት። አርባ ባደርጋት ኃጢአት የለውም መሰለኝ።»

ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ዓይኗ ቀላ። «እናትየዋ ስንት አሉህ?»

«አንድ።»

«እንግዲህ አንድ ነው።»

«አማካዩን ታወርድብኛለች እኮ! ከሁሉም የባሰባቸው እሳቸው ሆነው፣ ወረቀት ላይ ሲታዩ ምንም ያልሆኑት እሳቸው ናቸው!»

«አዎ፣ ታወርደዋለች። አንተ ደግሞ ለምን እንደምታወርደው ከሥር ትጽፋለህ። ከዚያ ቆመህ ታነበዋለህ።»

በዚያ የዶሮ ጭረት ጽሕፈቴ አራት መስመር ጻፍኩ። አዳራሹ ፊት ቆሜ መጀመሪያ «የአርቡ ወረቀት ውሸት ነበር፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቁጥሮቹን አነበብኩ። ከዚያ ስለ እማማ ጥሩወርቅ አንድ ቀን አነበብኩ። ስጨርስ ጋሼ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ቀጥሎ ሁሉም ቆመ። «ነፍስ ይማር» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። የድልድዩን ወረቀት ሊወስድ ከወረዳ የመጣ አንድ ሰውዬ ወረቀቴን ሲቀበለኝ ከሥር የጻፍኳትን ደግሞ አነበባት፣ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት።

ድልድዩ በሁለተኛው ዓመት ታች መሻገሪያ ላይ ተሠራ። በሽቦ የተንጠለጠለ፣ ሲረግጡት የሚወዛወዝ ነው። የቡድናችን ልጆች አንድ ዓመት ሙሉ «በራሱ ላይ ያገባ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። አጎቴም «አንተን የላክሁት እኔ ነኝ ጥፋተኛው» እያለ ከረመ። እማማ ጥሩወርቅ ድልድዩን ለመርገጥ ሁለት ወር ፈጀባቸው አሉኝ። መጀመሪያ የተሻገሩ ቀን እኔ አልነበርኩም።

እኔ አሁንም ተላላኪ ነኝ፣ አሁንም ቀልደኛ ነኝ። ከቀበሌያችን ደግሞ መረጃ በመሰብሰብ የሚያክለኝ የለም፣ ይሄን ስል ጉራ አይደለም፣ ጠይቁ። ባለፈው ሳምንት አጎቴ፣ «መጸዳጃ ቤት ያላቸውን አባወራዎች ሪፖርት ዛሬ ይፈልጉታል፣ ያው ገምተህ ሙላው» አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። እየጮኸ ተከተለኝ፣ አልተመለስኩም። ቤት ለቤት ዞሬ በሦስተኛው ቀን አመጣሁለት።

ሰው ይሄን ሲያይ «ልጁ ጎበዝ ሆነ» ይላል። ጉብዝና አይደለም። ፈርቼ ነው። ያልገባሁበት ቤት ውስጥ ማን እንደተቀመጠ አላውቅማ።